በወረርሽኝ ጊዜ አካል ጉዳተኛ ወጣቶቻችን ከሰው ጋር እንዴት ይገናኙ?



በምሠራበት መድኃኒት ቤት ወር በገባ ቁጥር የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። የሚወስዱት ሁልጊዜም አንድ ነው፤ ለሃያ አራት ዓመት ወንድ ልጃቸው የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ልጁ ከውልደቱ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የአንጎል ጉዳት አለበት። የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ንግግሩም ለለመደው ሰው ካልሆነ ቶሎ አይገባም። የሚያነሳው፣ የሚያጥበውና የሚያበላው በደመወዝ የተቀጠረ አንድ ወጣት ነው። ደመወዙን የምትልከው ደግሞ ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቱ ናት። እሷም እዚያ የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ የሰው አሮጊት እናት ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች።

በቅርቡ መድኃኒቱን እየቆጠርኩ "ልጅዎ ደህና ነው? ወጣ ወጣ ይላል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ከኮሮና ወዲህ የት ይወጣል ብለሽ ነው ልጄ!" አሉኝ።

ከኮሮና ወዲህ! በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታው ምክንያት የታወጀው ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን የገለጸው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሠርግ ቤቱም፣ መስጊዱም ከተከፈተ ቆየ። የዚህ ልጅ በር ግን ያኔ እንደተዘጋ ነው። ከዚያ በፊት ጁሙዓ ይሰግድ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈር ልጆች ወንበሩን እየገፉ ዲኤስቲቪ ቤት ወስደው ኳስ ያሳዩት ነበር። አሁን ከእነዚያ ልጆች ገሚሱ አግብቷል፣ ገሚሱ ሰፈር ቀይሯል። እሱን የሚያውቀው ሰው እናቱና ተንከባካቢው ብቻ ሆኗል።

እኚህን እናት ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። በ2012 ማስክና አልኮል ስሸጥ "ቤት ይቆይ፣ ሰውም አይጠጋው" ብዬ የመከርኳቸው እኔው ነኝ። ምክሩ ለዚያን ሰሞን ልክ ነበር። መቼና እንዴት እንደሚወጣ ግን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ዕዳ ለመክፈል ነው። ኮሮና ዛሬም ከመካከላችን አልጠፋም፤ ኢንፍሉዌንዛም አለ፤ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ እንደገና "በር ዝጉ" መባላችን አይቀርም። ስለዚህ በሩን እንዴት በጥንቃቄ መክፈት እንደሚቻል ከወዲሁ ብንነጋገር ይሻላል።

ፍርሃቱ መሠረት አለው

የእናትየው ፍርሃት እንዲያው የመጣ አይደለም። የእንግሊዝ አገር የኅብረተሰብ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በመጀመሪያው ማዕበል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ ወጣቶች በኮሮና የመሞት ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው 30 እጥፍ ነበር። በዚያው ዓመት እዚያው አገር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አዋቂዎች የመሞት ዕድል ወደ 10 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ክትባት ከመምጣቱ በፊት ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የደረት ጡንቻው የደከመ ሰው አክታውን በደንብ ስሎ ማውጣት አይችልም። ጀርባው የጎበጠ ሰው ሳንባው እንደልቡ አይከፈትም። መዋጥ የሚቸግረው ሰው ምግቡና ምራቁ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ከሁሉም በላይ ግን፣ "ከሰው ሁለት ሜትር ራቁ" የሚለው ምክር ሌላ ሰው ለሚያጎርሰው ወጣት ምንም ትርጉም የለውም። የሚያጎርሰው ሰው በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሊቆም አይችልም።

ይህ ሲባል ግን ሁሉም አካል ጉዳት አንድ ነው ማለት አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነ፣ መስማት የተሳነው ወይም እግሩን ያጣ፣ ሳንባውና ልቡ ጤነኛ የሆነ ወጣት የእኩዮቹን ያህል እንጂ ከዚያ የበለጠ አደጋ የለበትም። እሱን ከወንድሞቹ ለይቶ ቤት ማስቀመጥ ጥንቃቄ ሳይሆን በደል ነው።

ቤት መቀመጡም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይኮማተራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰውነት ያለልክ ይከብዳል፤ የሚያነሳው ሰው ወገብም አብሮ ይጎዳል። በተጨማሪም እንደ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሰውነት ቫይታሚን ዲን ቶሎ ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርጉታል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል። እነዚህን መድኃኒቶች ለዓመታት የሚወስድ ልጅ ፀሐይ ከማያገኝበት ክፍል ውስጥ ሲውል ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ለእነዚህ ልጆች ፀሐይ ላይ መውጣት መዝናኛ ብቻ አይምሰላችሁ።

በሩ ተንከባካቢው ነው

ቤቱን የቱንም ያህል ብትዘጉት ተንከባካቢው ይገባል፤ ይወጣልም። ስለዚህ የልጃችሁ ደህንነት የሚጀምረው ከተንከባካቢው ደህንነት ነው። ብዙ ቤተሰብ በ2012 ያደረገው ምን ነበር? አንዳንዱ አሰናበተና እናት ብቻዋን ወገቧ እስኪቆረጥ ተሸከመች። አንዳንዱ ደግሞ "ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ" ብሎ ለወራት ዘጋበት። ጅዳ ያለችው እህት በዚያን ጊዜ ቀጣሪዎቿ የዕረፍት ቀኗን አስቀርተው ከቤት እንዳትወጣ ከልክለዋት ነበር። ለእናቷ በስልክ "እኔ ላይ የሆነውን በሰው ልጅ ላይ እንዳታደርጉት" አለቻቸው። እናትየውም ልጁን አልዘጉበትም። ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ።

የእኔ ምክር አንደኛው ስለ ገንዘብ ነው፤ ከፋርማሲ ባለሙያ የማይጠበቅ ቢመስልም። ተንከባካቢያችሁ ሲያመው ደመወዙ እንደማይቆረጥ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ስትነግሩትም ምስክር ባለበት ይሁን። የቀን ሒሳቡ የሚቀርበት ሰው ሳሉን ደብቆ ይመጣል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እደብቅ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥር አይሸፍንም። በዚያ አዋጅ ለሌላው ሠራተኛ የተደነገገው የሕመም ፈቃድ እናንተ ቤት ያለውን ሰው አይደርሰውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምትክ ሰው ነው። እሱ ሲያመው ማን ያነሳል? ማን ያጎርሳል? አጎት፣ የአክስት ልጅ ወይም ጎረቤት፣ አንድ ሰው በጤናው ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን አብሮ ውሎ ሥራውን ይልመድ። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የሚዋጥለት ምግብ ዓይነት፣ ሲያንዘፈዝፈው ምን እንደሚደረግ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለወንድ ልጅ ወንድ፣ ለሴት ልጅ ሴት ተንከባካቢ መፈለጋችን የታወቀ ነው፤ ምትኩም እንዲሁ መሆኑን አትርሱ፤ በጭንቅ ሰዓት እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ማስክን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሽታ በበዛበት ወቅት ማስክ ማድረግ ያለበት በቅድሚያ ተንከባካቢው ነው፤ በተለይ ሲያጎርስ፣ ሲያጥብና ሲያነሳ። ማስኩን በራሱ እጅ ማውለቅ በማይችል፣ ምራቁ በሚፈስ ወይም መተንፈስ በሚቸግረው ወጣት ላይ ግን ማሰር አደገኛ ነው። ኦቲዝም ያለባቸውም ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ነገር ሲነካቸው አይችሉም፤ አታስገድዷቸው። መስማት የተሳነው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ማስክ ከንፈር እንዳያነብ ያደርገዋል፤ ውጭ ላይ ራቅ ብሎ ማስክን ዝቅ አድርጎ መናገር ይቻላል።

እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ፦ ከውጭ ሲገባ፣ ከማጉረሱ በፊት፣ ካጸዳው በኋላ። "አልኮሉ ቅር ይለኛል" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ውኃና ሳሙና ካለ አልኮሉ አያስፈልጋችሁም፤ እጅ ቆሻሻ ሲነካማ ሳሙናው ይበልጣል። ለወቅቱ በሽታ ክትባት ሲመጣም ልጁን ብቻ ሳይሆን ተንከባካቢውንም አብራችሁ ውሰዱት።

ንፋስን አትፍሩ

የኮሮና ቫይረስ በአመዛኙ የሚተላለፈው በተዘጋ ቤት ውስጥ በሚንሳፈፍ ትንፋሽ ነው። ሜዳ ላይ ንፋሱ ይበትነዋል። እኛ ግን ንፋስን ከበሽታው በላይ እንፈራለን። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት "ብርድ ይመታናል፣ ዝጋው" የማይል ማን አለ? አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ትንፋሽ ታፍኖ ይሄዳል። ውድ አንባቢያን፣ ሰውን የሚያሳምመው የታፈነው ትንፋሽ ነው። ልጁን ጋቢ አልብሱትና መስኮቱን ክፈቱ።

ለመውጣት ሩቅ ቦታ አያስፈልግም። ከዐስር ሶላት በኋላ በሰፈር ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዞር በቂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላላችሁ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለተሽከርካሪ ወንበር ከድሮው ጉርብጥብጥ መንገድ እጅግ ይሻላሉ። እንጦጦ ፓርክ፣ የወዳጅነት ፓርክ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም አሉ። ነገር ግን ተንከባካቢው አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ደረጃውን፣ ዳገቱንና መጸዳጃ ቤቱን ይመልከት። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወንበሩ ካልገባ የሄዳችሁበት ደስታ ሁሉ ወደ ሐፍረት ይለወጣል፤ ልጁም ሁለተኛ አይወጣም። ሰው የሚበዛበትን እሑድ ከሰዓትን ትታችሁ የሥራ ቀን ጠዋት ምረጡ።

ወንበሩን ራሱ የሚነዳ ወጣት እጁ ጎማውን ስለሚነካ ከመብላቱ በፊት መታጠብ አለበት፤ የሚገፋበትን እጀታም በሳሙና ጨርቅ ጥረጉት። ዓይነ ስውር ወጣት ደግሞ መሪውን የሚይዘው ክርኑ ላይ ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ "ክርናችሁ ላይ ሳሉ፣ በክርን ሰላም ተባባሉ" ስንል ከረምን! በሽታ ሲኖር መሪው ትከሻውን ያሲዘው።

ሦስት ቤት በቂ ነው

በመጋቢት 30 ቀን 2012 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ዛሬ ያ ክልከላ የለም፤ ሐሳቡን ግን በሽታ ሲበዛ ልንጠቀምበት እንችላለን። በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ መስጊድ ዙሪያ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ሦስት ቤተሰቦች ተስማሙ። ሦስት ወጣት ከሦስት ተንከባካቢ ጋር ስድስት ሰው ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ እነዚያው ስድስት ሰዎች፣ ሁልጊዜ ውጭ። አንዱ ቤት ሳል ወይም ትኩሳት ካለ ያ ቤት ለዚያ ሳምንት ይቀራል፤ መቅረቱም እንደ ነውር አይቆጠር። በየሳምንቱ ከአዲስ ሰው ጋር ከመገናኘት ይህ እጅግ ይሻላል፤ ቢታመም እንኳ ማን ከማን ጋር እንደዋለ ወዲያው ይታወቃል።

ስድስቱ ምን ያድርጉ? እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ላስተዋውቃችሁ። ቦቻ ይባላል፤ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ሰዎች ተብሎ የተስፋፋና እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በፓራሊምፒክ የሚካሄድ ነው። አንድ ነጭ ኳስ ይወረወራል፤ ከዚያ አንዱ ወገን 6 ቀይ፣ ሌላው 6 ሰማያዊ ኳሶች አሉት፤ ለነጯ ይበልጥ ያስጠጋ ያሸንፋል። ተቀምጠው ይጫወቱታል፤ መነካካትም የለበትም። ኳሱ ጠፋ አትበሉ፤ ያረጀ ካልሲ ውስጥ ምስር ሞልቶ መስፋት ነው። እጁ መወርወር ለማይችል ደግሞ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ኳሱ በእሱ ላይ ይንከባለላል።

የዚህ ጨዋታ አንድ ሕግ በጣም ይገርመኛል። በቱቦ በሚጫወቱት ክፍል ውስጥ ረዳቱ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ሜዳውን ማየት አይፈቀድለትም። ተጫዋቹ "ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ከፍ" ብሎ ያዘዋል፤ ረዳቱ ቱቦውን ያስተካክላል። የሚያየውም የሚወስነውም ተጫዋቹ ነው። እኛ ግን በቤታችን የሃያ አራት ዓመት ሰው የት መሄድ እንደሚፈልግ ሳንጠይቀው ልብስ አልብሰን እናወጣዋለን፤ ከዚያ "አይደሰትም" እንላለን። ቃል መናገር ባይችል በዓይኑ ይመርጣል፤ ሁለት ሥዕል ወይም ሁለት ፎቶ አሳዩት።

ሌላው በቆርቆሮና በባልዲ ጎመን፣ ቆስጣና ጤና አዳም መትከል ነው። በየሳምንቱ የማን እንዳደገ ማነጻጸሩ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ቆስጣውም ለማዕድ ይሆናል። ዝናብ ሲያግዳቸው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላላክ ይችላሉ። ንግግሩ ዘገምተኛ ለሆነ ልጅ የድምፅ መልእክት ከስልክ ጥሪ ይሻላል፤ ማንም አያጣድፈውም። ቁርኣን የሚቀራ ከሆነም ኡስታዙ በዚሁ መንገድ ሊያስቀራው ይችላል።

ስለ ማዕድ

ለእኛ አብሮ መብላት ማለት ከአንድ ትሪ መብላት ነው፤ ጉርሻም አለ። በሽታ ሲኖር ግን ትሪው ለየብቻ ይሁን። በኢፍጣር ጊዜ ቴምሩን፣ ሳምቡሳውንና ሾርባውን በየሰው ሳህን አድርጋችሁ በረንዳ ላይ አብራችሁ ማፍጠር ትችላላችሁ። ሰው ሲበላ ማስክ ስለሚያወልቅ በጣም የሚተላለፍበት ሰዓት ይህ ነውና ቤት ውስጥ ከመሆን ውጭ ይሁን። መዋጥ የሚቸግረው ልጅ በጭዋታ መካከል አይጉረስ፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሾርባው ወፈር ብሎ።

ለመስጊድ ሰዎች

ለዚህ ልጅ ከሁሉ በላይ የናፈቀው ጁሙዓ ነው። በሽታ ሲበዛ ቤት ውዱእ አድርጎ፣ የራሱን መስገጃ ይዞ፣ ውስጥ ሳይሆን ግቢው ላይ በር አጠገብ ቢቀመጥ አደጋው በብዙ ይቀንሳል። ለዚህ ግን ቦታው መያዝ አለበት። ጫማ የሚቆለልበት ቦታ ብዙ ጊዜ የወንበሩ መግቢያ ነው፤ የመስጊዱ ኮሚቴ ያንን ሁለት ሜትር ቢያስከብር ብዙ ወጣት ይመጣል። ደግሞ እባካችሁ ሶላት ሲያልቅ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ጉንጩን አትሳሙት። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ስሙን ጠርታችሁ ሰላም ብትሉት ይበቃዋል።

ሕመም ሲጀምር

"አመመኝ" ማለት የማይችል ልጅ ሕመሙን በሌላ መንገድ ይናገራል፦ ምግብ እንቢ ይላል፣ ከወትሮው በላይ ይተኛል፣ ራሱን ይመታል፣ ወይም የሚጥለው ይበዛል። ትኩሳት የሚጥል በሽታን እንደሚቀሰቅስ እወቁ። መድኃኒቱን በምንም ምክንያት በድንገት እንዳታቋርጡ፤ የፌኖባርቢታል በድንገት መቋረጥ ብቻውን ሕይወት የሚያሰጋ ማንዘፍዘፍ ያመጣል። መንገድ ቢዘጋ እንዳትቸገሩ ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ የአንድ ወር ተጨማሪ ያዙ።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ፣ ልጁ ጤነኛ ሳለ ስንት እንደሚያሳይ አስቀድማችሁ ጻፉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤነኛውም ሰው ቆላ ካለው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከለመደው በሦስትና በአራት ነጥብ ከወረደ፣ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሒና ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት ላይ ካደረጋችሁት ልክ ላያሳይ ይችላል።

ወደ እናትየው ልመለስ። ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ "እስቲ እሱን ራሱን የት መሄድ እንደሚፈልግ ይጠይቁት" አልኳቸው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። መልሱ ዲኤስቲቪ ቤት ነበር! መስኮት የሌለው፣ መቶ ሰው የሚጮህበት ክፍል፤ ከዚህ የከፋ ቦታ ባስብ አላገኝም። "እንቢ ልበለው?" አሉኝ። "እንቢ አይበሉት፣ ኳሱን እናውጣለት" አልኳቸው። ተንከባካቢው አንድ ጎረቤት አስፈቅዶ ቴሌቪዥኑን ወደ በረንዳ አወጡት፤ ከድሮ ጓደኞቹ ሁለቱን ጠሩለት፤ አራቱም ጋቢ ለብሰው አዩ። አሁን የቀረን ችግር አንድ ነው፤ የማታ መድኃኒቱ ሰዓት ሦስት ሲሆን ጨዋታው አንዳንዴ እስከ አራት ሰዓት ይዘልቃል። ተንከባካቢው ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ እንዲሄድ፣ በዕረፍት ሰዓትም በውኃ እንዲሰጠው ነግሬዋለሁ።